ጉርሻችሁ ይቅርበት

ማኅበርተኞቼ፣ የዕድር ጓደኞቼ፣ አብረን ልጅ ያሳደግን አብረንም አያት የሆንን እኩዮቼ፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለወጣት እናቶች የሚነግራቸው ሞልቷል፤ ሐኪሙ ይነግራቸዋል፣ ስልካቸው ይነግራቸዋል፣ ጎረቤትም ሳይጠየቅ ይነግራቸዋል። እኛን ግን ደፍሮ የሚናገረን የለም። ስንገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሳልናል፣ ያልነው ይሰማል፣ ያጎረስነውም ይዋጣል። በዚህ ክብራችን ልጅ ልንጎዳበት እንደምንችል ነው ዛሬ የምነግራችሁ። ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። እኔው ራሴ ጎድቻለሁ።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ ስምንት ዓመት ሞላው። ኦቲዝም አለበት። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ ከቆርቆሮው ሥር ቆሞ ማዳመጥ ይወዳል፤ ክፍት በር አይቶ ሳይዘጋ አያልፍም። የሚበላው ስድስት ነገር ነበር፤ ቅርፊቱ የተነሳለት ነጭ ዳቦ፣ ምንም ያልነካው መኮሮኒ፣ ነጭ ሩዝ፣ ቀጭን የድንች ጥብስ፣ አንድ ዓይነት ብስኩት፣ በሰማያዊ ኩባያ የተቀዳ ወተት። ሌላ የለም። እንጀራ አይነካም። ወጥ ባለበት ክፍል አይቀመጥም ነበር። የብስኩቱ ማሸጊያ መልኩን የለወጠ ጊዜ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይነካው ቀረ። እናቱ የድሮውን ማሸጊያ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር፣ እኔ ‹‹አሁንስ አበዛሽው፤ አሞላቀቅሽው›› እያልኩ እቆጣት ነበር።

መቆጣት ሥራዬም ነበር ማለት ይቻላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያ የእናቶችና የሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስንቱን ሕፃን መዘንኩ፣ ስንቷን እናት ስለ ገንፎና ስለ አጥሚት አስተማርኩ። ‹‹ልጄ አልበላ አለኝ›› ብላ የመጣችውን፣ ልጁ ኪሎው ደህና ከሆነ፣ በአንድ ቃል ነበር የምሸኛት። ‹‹ሲርበው ይበላል።›› እናንተም ትሉታላችሁ፤ እናቶቻችንም ብለውታል። ለአብዛኛው ልጅ እውነት ነው። ለእንደዚህ ያለው ልጅ ግን ውሸት ነው፤ ውሸትነቱን ያወቅሁት ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በገዛ ቤቴ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ሲጾም የእሱ ወተት ብቻ ትፈላለች። ልጁ ሥጋ አይቀምስ፣ እንቁላል አይቀምስ፣ ምስር አይቀምስ፤ ሐሳብ ገባኝ። አንድ ቀን እናቱ ሥራ ስትሄድ እንቁላል መትቼ በሚፈላው ወተት ውስጥ ጨመርኩ፤ አማስዬ፣ በወንፊት አጥልዬ፣ በሰማያዊው ኩባያ ቀድቼ ሰጠሁት። ትልቅ ብልሃት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ፉት አለና ኩባያውን አስቀመጠ። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ቀና ብሎ አየኝ። የሰው ዓይን እምብዛም የማያይ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወተት አልጠጣም። በሰማያዊው ኩባያም በሌላውም፣ በእኔ እጅም በእናቱ እጅም። ይባስ ብሎ ዳቦውን ከመጉረሱ በፊት እየገመሰ ውስጡን መመርመር ጀመረ፤ ብስኩቱን ሰብሮ ያሸታል፤ ሩዙን በጣቱ እየበተነ ያያል። አንድ ምግብ ልጨምርለት ብዬ ከስድስቱ አንዱን ቀነስኩበት፤ ያውም ፕሮቲኑንም ካልሲየሙንም የያዘለትን። ልጄ ነገሩን ስትሰማ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አደራ የምላችሁ ቀዳሚ ነገር ይኸው ነው። ልጁ በሚያምነው ምግብ ውስጥ ምንም ነገር አትደብቁ። እንቁላልም አትደብቁ፣ ቫይታሚንም አትደብቁ፣ መድኃኒት ከሆነም እንዴት እንደሚሰጥ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ ብልሃት ወተቱ ውስጥ አታሟሙ። የእኛ ልጆች ኮሶውን በማር ሲያገኙት ፊታቸውን አጨማደው ይረሱት ነበር። ይህ ልጅ አይረሳም። ለእሱ ምግቡ እንደ ትናንቱ መሆኑ ነው ምግብ የሚያደርገው፤ አንዴ ከከዳው ሌላውም ይከዳኛል ብሎ ይጠብቃል። አልተሳሳተምም፤ ከድቼዋለሁ።

‹‹ሞልቃቃ ነው፤ የዘመኑ ልጅ ነው›› የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኦቲዝምን በዝርዝር የጻፈው ሐኪም ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የመጀመሪያዎቹን 11 ልጆች ታሪክ ሲያወጣ፣ ከእነሱ መካከል በምግብ የተነሣ ወላጆቻቸውን ያስጨነቁ ነበሩበት። ያኔ ስልክ የያዘ ሕፃን የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአመጋገብ ችግር የመያዛቸው ዕድል ከእኩዮቻቸው አምስት እጥፍ ያህል እንደሆነ አገኙ። እኔን ያስደነገጠኝ የዚያው ሥራ ሌላው ግኝት ነው። ልጆቹ ከምግባቸው የሚያገኙት ፕሮቲንና ካልሲየም አንሶ ሳለ፣ ዕድገታቸው ከሌሎቹ ልጆች የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያመንኩት ሚዛን ትዝ አለኝ። ዳቦና ድንች ጥብስ ኪሎ ይሞላሉ። ‹‹ደህና ነው፣ ሂጂ›› ብዬ የሸኘኋቸው እናቶች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ።

ረሃብ ለምን እንደማያሸንፈው ልንገራችሁ። እናንተን አንድ ሰው ሳሙና በሳህን ቢያቀርብላችሁና ‹‹ሲርባችሁ ትበሉታላችሁ›› ቢላችሁ ትበላላችሁ? ለዚህ ልጅ የማያውቀው ምግብ ምግብ አይደለም። የረሃቡን ጥሪ ራሱ በደንብ የማይሰማ ልጅም አለ። ሰውነቱ ውሃ እስኪያጥረውና ሆስፒታል እስኪገባ ድረስ አፉን ዘግቶ የሚቆይ አለ። ‹‹ሦስት ቀን ጨክኚ፣ እኔ አውቃለሁ›› ብላችሁ ምራታችሁን የምትመክሩ እኅቶቼ፣ የዚያን ሦስተኛ ቀን ኃላፊነት ትወስዳላችሁ?

ስሜቱም የእኛ ዓይነት አይደለም። እኛ እንጀራን ‹‹ዓይኗ ሲያምር!›› ብለን እናደንቃለን፤ ለእሱ ያ ዓይን እርጥብ፣ የሚተጣጠፍ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ የሚኮመጥጥ ነገር ነው። እኛ ትሪ ላይ ሽሮው ከጎመኑ፣ ጎመኑ ከአልጫው ሲነካካ ደስ ይለናል፤ እሱ ሩዙን ድንቹ ከነካው ሁለቱንም ይተዋል። ስለዚህ የብቻ ሳህን ሲሰጠው ‹‹ከገበታ ተለየ፣ ከሰው ተለየ›› ብላችሁ አታልቅሱበት። በብቻ ሳህኑም ቢሆን እኛው አጠገብ ተቀምጧልና።

ከዚህ ወደ ጉርሻ እመጣለሁ፤ የምፈራውም እሱን ነው። ጉርሻ የፍቅራችን ቋንቋ መሆኑን ማንም አይነግረኝም። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያልን ሁለተኛውን እንደግማለን። ግን ከልጁ ጎን ሆናችሁ አስቡት። ሳይታሰብ አንድ ትልቅ እጅ ወደ ፊቱ ይመጣል። በርበሬና ቅቤ ይሸታል። የማያውቀው፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ይዟል። ዙሪያው ሰው ነው፣ ሁሉም ‹‹እንቢ አይባልም!›› እያለ ይስቃል። ፊቱን ሲያዞር አገጩን የሚይዝ አለ። ባለፈው ፋሲካ አንድ ዘመዳችን፣ ደግ ሰው ናቸው፣ እንዲህ አድርገው አጎረሱት። አስመለሰው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በመጡ ቁጥር ከአልጋ ሥር ይገባል፤ እሳቸውም ‹‹ምን በደልኩት?›› እያሉ ይጠይቁኛል።

ከጉርሻ የከፋው መጋት ነው። አብዛኞቻችን ተግተን ነው ያደግነው፤ አፍንጫችን ተይዞ፣ በመዳፍ እየተንቆረቆረልን። የተጋተ ልጅ ሲያለቅስ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ በጤና ጣቢያ ሳለሁ ከዚህ በኋላ ሳንባ ምች ይዞት የመጣ ሕፃን አይቻለሁ። ‹‹እንጥሉ ወርዶ ነው›› እያላችሁ ወደ ቆራጭ የምትወስዱም አትጠፉም። እንጥል መቁረጥ፣ ግግ ማስነቀል ምግብ አላስበላም፤ ደም አፍስሷል፣ ቁስል አመርቅዟል። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ የማውቀውን ሁሉ ብጽፍ አትተኙም።

ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረው ሌላ ነው። ልጁ የበላውን የቀነሰው ምናልባት አሞት እንደሆነስ? ሆድ ድርቀት በእነዚህ ልጆች ላይ ብዙ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ያለበት፣ ቃር የሚያቃጥለው ልጅ ‹‹አመመኝ›› ማለት ካልቻለ ሳህኑን ይገፋል። ሳህን ሲገፋ ጠባይ ነው ከማለት በፊት አፉን አሳዩ፣ ሆዱን አስመርምሩ።

አሁን የማነሳውን ልብ በሉልኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በጤና ጣቢያ ለሕፃናት የቫይታሚን ኤ እንክብል እንሰጥ ነበር፤ ዓመት ላልሞላቸው ሰማያዊውን፣ ከዓመት በላይ ለሆኑት ቀዩን፣ ጫፉን ቆርጠን አፋቸው ውስጥ ጠብ እያደረግን፣ በየስድስት ወሩ። ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 59 ወር ነው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ከመዝገቡ ይወጣል፤ ሌላው ልጅ በጎመኑ፣ በካሮቱ፣ በእንቁላሉ ይተካዋል፤ ይህ ልጅ በምን ይተካው? እንደ ድንች ጥብስ ያሉ ጥቂት ምግቦችን ብቻ እየበሉ የማየት ኃይላቸውን ያጡ ልጆች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። የሚጀምረው በዳፍንት ነው። ማታ ማታ ሲደናቀፍ፣ በጨለማ ግድግዳ ሲዳብስ እኛ ‹‹ያው ኦቲዝም ነው፣ ቀልቡ የለም›› እንላለን። ስሙ ራሱ ዓይናችንን ይጋርደዋል።

እግሩን ‹‹አልራመድም›› ያለ ልጅም አለ። በውጭ አገር ሆስፒታሎች እንዲህ ያሉ ልጆች የአጥንት በሽታ ነው፣ የደም ካንሰር ነው ተብለው ብዙ ከተመረመሩ በኋላ ስከርቪ ሆኖ የተገኘባቸው አሉ፤ የጥንት መርከበኞችን ይፈጅ የነበረው የቫይታሚን ሲ እጦት። ድዱ ሲያብጥና ሲደማ፣ ሳይመታ ሲበልዝ፣ ማነከስ ሲጀምር ነገ አትበሉ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡም ‹‹እግሩን አመመው›› ብላችሁ አታቁሙ፤ የሚበላውን ቆጥራችሁ ንገሩት፤ ሳትነግሩት ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ሦስተኛው አጥንት ነው፤ እሱ ደግሞ ከምግብም በላይ የእኛ ኀፍረት ያመጣው ነው። ልጁን ከእንግዳ እንሰውራለን፤ ‹‹እርግማን ነው›› እንዳይባል ከጓዳ አናወጣውም። ወተት የማይጠጣ ልጅ ፀሐይም ካላየ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚወጣበት አገር! ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ስሙን እንኳ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ጊዜ ነው። እሳቸው ያኔ አደባባይ ያወጡትን እኛ ዛሬም ጓዳ የምናስገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ከአሜሪካ የሚደወልልንንም ላንሳ። ‹‹ስንዴና ወተት አቁሙለት፣ ይድናል›› የሚል ምክር ከዘመድ ይመጣል። በፍቅር ነው የሚመጣው። የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመሪያ ኦቲዝምን ለማከም ብሎ ከስንዴና ከወተት ማስወጣትን አትጠቀሙ ብለዋል። ተመርምሮ ስንዴ እንደሚጎዳው የታወቀ ልጅ ሌላ ነው፤ ለእሱ ጤፋችን በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታልና ይጠየቅ። ያልተመረመረውን ልጅ በተመለከተ ግን ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ስድስት ምግብ ካለው ልጅ ዳቦውን፣ መኮሮኒውን፣ ብስኩቱንና ወተቱን ስታነሱ ምን ይቀራል? ሩዝና ድንች።

ጾሙንም እንዲሁ። ‹‹ሰባት ሞልቶታል፣ ይጹም እንጂ›› ያላችሁኝ ሁለት ናችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። ‹‹እሱ ዓመቱን ሙሉ እየጾመ አይደለም ወይ?›› አሉኝ።

እንዴት ታዲያ አዲስ ነገር ይለምድ? የሚለምደው በእኛ ፍጥነት አይደለም። ምንም ችግር የሌለበት ልጅ እንኳ አንድን አዲስ ምግብ እስኪቀበል 10፣ 15 ጊዜ ሊቀርብለት ይችላል፤ እኛ በሦስተኛው ‹‹አይወድም›› ብለን እንተዋለን። ለዚህ ልጅ ወራት ነው። ሐሳቡ የልጄ ነበር፤ ብስኩት የሚወደው ስለሚንኮሻኮሽ ነው፣ ከእንጀራ ወገን የሚንኮሻኮሽ ድርቆሽ ነው አለች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ አልታየኝም።

በመጀመሪያ ድርቆሹ በሌላ ሳህን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም ‹‹ብላ›› አላለውም። አንድ ወር ያህል አላየውም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ቀስ እያለ ሳህኑ ቀረበ። አንድ ቀን በጣቱ ገፋው፤ ሌላ ቀን አነሣና ሰበረው፤ ድምፁ ደስ አለው። ሁለት ወር ሙሉ መስበር ብቻ ሆነ። እኔ ‹‹ምግብ ነው እኮ የሚጫወትበት!›› ልል ስል ልጄ በዓይኗ አስቆመችኝ። በአምስተኛው ወር በምላሱ ነካው። በሰባተኛው የጥፍር ያህል ቆረሰና ቀረጠፈ። እኅቴ አጠገቤ ነበረች፤ ራሷን መግታት አቃታትና እልል አለች። ልጁ ጆሮውን ይዞ ሮጠ። ሦስት ሳምንት ድርቆሽ የሚባል አልነካም። እልልታችን እንኳ ለእሱ ጉርሻ ነው።

አሁን ስስ ድርቆሽ፣ በርበሬ ያልነካው፣ ይበላል። ሁልጊዜ አይደለም። ከድንች ጥብሱ ጎን በዚያው ልክ ተቆርጦ የተጠበሰ ካሮት ተቀምጦለታል፤ እስካሁን እያሸተተ ይመልሰዋል። እየተለወጠ ያለው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ቅርጹ፣ ወይ ቀለሙ፣ ወይ ሳህኑ። የሚያምናቸው ምግቦች ሁሌም አጠገቡ ናቸው፤ አዲሱን ካልቀመስክ ዳቦህን አትበላም አይባልም። ሐኪሙ ያዘዘለትን ጠብታ እናቱ ጠርሙሱን እያሳየችው በማንኪያ ትሰጠዋለች። አንዳንድ ቀን ይተፋዋል። ወተት አልተመለሰም።

ኅዳር 12 ሚካኤል ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎው ይጋገራል። ልጁም ይኖራል፤ ጓዳ አላስገባውም። እንደ ወትሮው ጸበል ጸዲቅ ቅመሱ፣ ተጨዋወቱ፣ እርስ በርሳችሁም ተጎራረሱ። ለእሱ ግን ከረሜላ አታምጡለት፣ እጃችሁን ወደ አፉ አትላኩ፣ ‹‹ምን ይበላል? ለምን አይበላም?›› ብላችሁ በፊቱ ልጄን አትጠይቁ፤ የሚሰማ ልጅ ነው። ከመግቢያው በስተቀኝ በትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድርቆሹን ሲሰብር ትሰሙት ይሆናል። አትዙሩ።